ከፍሬኑ ወደ አሳንሰሩ

ሁለቱ አንድ ክፍል የተማሩ፣ አንድ ድርጅት የተቀጠሩ፣ በኋላም ዘመድ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ዘመድ ያደረገቻቸው የሴቷ ታናሽ እህት ናት። ታናሽየዋ የጥርስ ሐኪም ነች። ታላቋን ለምሳ ልትወስድ ቢሮ ብቅ ስትል ከታላቋ አጠገብ ከሚቀመጠው ከዚህ ባልደረባዋ ጋር ጨዋታ ትጀምራለች። እየቆየ ምሳው የሦስት ሰው ሆነ፤ ከዚያም የሁለት፣ ታላቋ ሳትኖርበት። በዓመቱ ተጋቡ።

ድርጅቱ አሳንሰር ይነድፋል፣ ይተክላል፣ የተከለውንም ይጠግናል። ታላቋን በቢሮ ሁሉም «መሐንዲሷ» ይላታል። የእህቷን ባል «ሰንጠረዥ» ይሉታል። ይህ ስም የወጣለት፣ ነገርን ሁሉ በረድፍና በዓምድ ካላስቀመጠ ሰላም ስለማያገኝ ነው፤ እስክሪብቶዎቹ እንኳ ጠረጴዛው ላይ በቁመታቸው ተሰልፈው ነው የሚያድሩት። ሲጠሩት ይስቃል፣ አይከፋውም።

የድርጅቱን ዳታቤዝ የሠራው እሱ ነበር። ሪሌሽናል የሚባለው ዓይነት ነው። ሞተሮች በአንድ ሰንጠረዥ፣ በሮች በሌላ፣ ፍሬኖች በሌላ፣ ብሎኖች ደግሞ በሌላ ይመዘገባሉ፤ የትኛው በር የየትኛው አሳንሰር እንደሆነ የሚታወቀው በመለያ ቁጥር ነው። አንድ ሰው «ይህን አሳንሰር አሳየኝ» ሲል ኮምፒውተሩ ከየሰንጠረዡ ቁርጥራጩን እየለቀመ ይገጣጥማል። ሒሳብ ክፍልና መጋዘን በዚህ ደስተኞች ነበሩ። ንድፍ የሚሠሩት ግን ተማረሩ። አንድ ንድፍ ክፈት ብለው አዝዘው፣ ወርደው ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ፣ ማሽኑ ገና ብሎን እየለቀመ ያገኙታል።

መሐንዲሷ የምትሠራው ንድፍ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ታግሣለች፤ ከዚያ መታገሡን ተወች።

«አሳንሰር እኮ አንድ ነገር ነው» አለችው አንድ ቀን። «እኔ ስነድፈው አንድ ነው። ሰው ሲሳፈርበትም አንድ ነው። አንተ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው የሚበታተነው።»

«አንቺ ጋ አንድ ነው» አላት። «መጋዘን ላለው ሰውዬ ብሎን ነው። ለሒሳብ ሹሙ ወጪ ነው። የማንኛችሁን ልስማ?»

በዚያው ሰሞን አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ኦብጀክት ዳታቤዝ፣ የዕቃ ዳታቤዝ እንደ ማለት፣ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። በዚህኛው አሠራር አሳንሰሩ ከነሞተሩ፣ ከነበሩ፣ ከነፍሬኑ እንዳለ ይቀመጣል፤ ሲፈለግም እንዳለ ይነሣል። ውስጡ ያሉት ክፍሎች እርስ በርስ በቀስት ይያያዛሉ፤ ኮምፒውተሩ ቀስቱን ተከትሎ መሄድ እንጂ ፍለጋ አይገባም። ውርስ የሚባልም ነገር አለው። የሆስፒታል አሳንሰር የተራውን አሳንሰር ጠባይ ሁሉ ይወርስና አልጋ የሚያስገባውን ስፋት ብቻ ይጨምራል። መሐንዲሷ ይህን ስታይ፣ ልቧ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ሌላ ሰው ቀድሞ የሠራው መሰላት።

ክርክሩ ከቢሮ አልፎ እሑድ የእህትማማቾቹ እናት ቤት ምሳ ላይ ገባ። እናት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፣ ደንብ ግን አልረሱም። ማዕድ ላይ መነታረክ አይወዱም።

«ሌላውን እሺ ብያለሁ» ይላል ሰንጠረዥ። «ውርሱን ነው የማልቀበለው።»

«ውርስ ከሌለው ለእኔ ባዶ ነው» ትላለች መሐንዲሷ። «ውርሱን ትቼ ምኑን ልውሰድ?»

እናት ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ቁጭ ብዬ?» አሉ። «ገና በቁሜ ነው ውርስ የምትካፈሉት?»

«እማዬ፣ የአሳንሰር ውርስ ነው» አለች የጥርስ ሐኪሟ።

«አሳንሰር ደግሞ መቼ ነበረኝ?»

የጥርስ ሐኪሟ እስክታነባ ሳቀች። ሁለቱ ግን አልሳቁም፤ ያኔ ነው ነገሩ መክረሩ የገባት።

ድርጅቱ ሁለቱንም አሠራር ጎን ለጎን የሚያይበት ስብሰባ ጠራ። መሐንዲሷ አንድ ትልቅ ንድፍ በአዲሱ ዳታቤዝ ከፈተች፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ተከፈተ። በድሮው እንዲከፈት ስታዝ ክፍሉ በሙሉ ጠበቀ። ሰው ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ሲጀምር ወደ ዳይሬክተሩ ዞራ፣ «አሁን የምንጠብቀው ኮምፒውተሩን አይደለም። የአንድ ሰው እልህ ነው የቢሮውን ሰዓት የሚበላው» አለች።

ሰንጠረዥ አንገቱን አቀረቀረ። ዳይሬክተሩ አዲሱ እንዲገዛ ወሰኑ። እሱ ውሳኔውን በሁለት ቀን ውስጥ ረሳው፤ ንግግሩን ግን አልረሳውም። መጋዘንና ሒሳብ ክፍል የራሳቸው ትንሽ ዳታቤዝ ይኑራቸው ተባለና እሱ ምድር ቤት ወዳለው የመጋዘን ቢሮ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደርሽ»፣ «እንደምን አደርክ» ይባባላሉ፤ ከዚያ በላይ የለም። እሑድ ምሳ ላይ አንዳቸው ሲመጣ ሌላኛው ሥራ ይበዛበታል። የጥርስ ሐኪሟ በመካከል ቀረች። ለእናታቸው፣ «ስለ እውነተኛ ውርስ ቢጣሉ ኖሮ ጠበቃ ይዤ እገላግላቸው ነበር» ትላለች።

ጥቂት ዓመታት እንዲህ አለፉ። ንድፍ ክፍል ሥራው ቀለጠፈለት። መሐንዲሷ የኃላፊነት ወንበር አገኘች፤ ዳታቤዙንም እንደ ልጇ ታየው ነበር።

አንድ ጠዋት በአንድ የዓይን ሆስፒታል ውስጥ፣ ድርጅቱ የተከለው አሳንሰር ቆሞ በሩ ተከፈተ። ወለሉ ግን ከኮሪደሩ ወለል ጋር አልገጠመም፤ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሏል። የምግብ ጋሪ የምትገፋው ሠራተኛ ከኋላዋ ለጠራት ሰው መልስ እየሰጠች ስለነበር አላየችም። ጋሪውን ተከትላ ወደቀች፤ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ቴክኒሻኖች ሄደው ማሽኑን ሲፈቱ ሞተሩን ጨብጦ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈርፍሮ አገኙት። ሸራው ከሌሎች ጋር አንድ ላይ ተመርቶ በአንድ ጭነት የመጣ ነው። አንዱ ከተበላሸ የጭነቱ ሁሉ ነገር ያጠራጥራል።

የደህንነት ተቆጣጣሪዋ ቀትር ሳይሆን ድርጅቱ ደረሰች። ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «የዚህ ጭነት ሸራ ሌላ የት የት ነው ያለው?» አለች።

ዳይሬክተሩ ወደ መሐንዲሷ ዞሩ። መሐንዲሷ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ መጻፍ ጀመረችና እጇን ከቁልፎቹ አነሣች።

«ምነው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አሳንሰሩን ከነገሩኝ ሸራውን አሁኑኑ እነግርዎታለሁ» አለች። «ሸራውን ነግረውኝ አሳንሰሩን አምጪ ካሉኝ ግን አልችልም። ቀስቶቹ የሚሄዱት ወደ ታች ነው፤ ከአሳንሰሩ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ፣ ከፍሬኑ ወደ ሸራው። ወደ ላይ የሚመለስ ቀስት አላደረግኩበትም። ከሸራ ተነሥቶ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እያንዳንዱን አሳንሰር እየከፈቱ ውስጡን ማየት ነው።»

ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን አየች። «እስከ ነገ ጠዋት ካልታወቀ፣ የተከላችሁትን ሁሉ አስቆማለሁ» አለች። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሆስፒታል አለበት፣ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ደረጃ የማይችሉ አረጋውያን አሉበት።

ዳይሬክተሩ ሰንጠረዥን ከምድር ቤት አስጠሩት። የመጋዘኑ ዳታቤዝ ጭነቱ መቼ እንደገባ እንጂ የትኛው አሳንሰር ላይ እንደተገጠመ አይመዘግብም ነበር። ሚስቱ በኋላ እንደተናገረችው፣ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ለመሐንዲሷ የሚነግራትን ዐረፍተ ነገር ሻወር ውስጥ ሆኖ ስንቴ ተለማምዶታል። ገብቶ የመሐንዲሷን ፊት ሲያይ ግን ዐረፍተ ነገሩ ከአፉ ጠፋ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አንድ በአንድ እየከፈትሽ ነው?»

«እየከፈትኩ ነው። አንዱ ሲከፈት ንድፉን ሁሉ ጎትቶ ይመጣል። ማሽኑ አልቻለም፣ ደጋግሞ ይቆምብኛል።»

«ንድፉን ተይው። ከእያንዳንዱ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። የአሳንሰሩን ቁጥርና ሸራው የመጣበትን ጭነት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ለእኔ ወርውሪልኝ። እኔ እደረድረዋለሁ።»

ትንሽ አሰበችና መጻፍ ጀመረች። ፕሮግራሙ ቀስቶቹን ተከትሎ እስከ ሸራው ይወርድና ሁለት ነገር ይዞ ይመለሳል፤ ሌላውን አይነካም። እሱ በሌላ ማሽን የመጣለትን በአንድ ቀጭን ሰንጠረዥ ይቀበላል። መሐል ላይ ሥራው ተሰናከለ። የቆዩት አሳንሰሮች አልከፈት አሉ። እነሱ የተቀመጡት መሐንዲሷ ፍሬን ምን ምን ክፍል እንዳለው ለዳታቤዙ የሚነግረውን ትርጉም ከማሻሻሏ በፊት ነበር፤ ዳታቤዙ አዲሱን ትርጉም ይዞ የድሮውን ፍሬን ሲያይ አያውቀውም። የድሮውን ትርጉም ከተወችበት ፈልጋ መልሳ አስገባችው። እሱ በዚህ መሐል ውኃ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠላት።

ጀምበር ሳትጠልቅ ሰንጠረዡ ሞላ። ሰንጠረዥ አንድ መስመር ጥያቄ ጻፈ። የሕንፃዎቹ ስም በስክሪኑ ላይ ወረደ። መሐንዲሷ ጥያቄውን ደግማ አነበበችው፤ ያን ያህል አጭር ነበር።

ቴክኒሻኖች በየአቅጣጫው ተሰማሩ። በማግስቱ አንደኛው ከአረጋውያን መኖሪያ የነቀለውን ሸራ በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ፈታው። መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ጥቂት ቀን ቢቆይ ምን ይሆን እንደነበር የጠየቀ የለም።

ከወራት በኋላ ኦብጀክት ዳታቤዙን የሸጠላቸው ድርጅት ከሰረና ተዘጋ። የሚያሻሽለው፣ ሲታመም የሚያየው ሰው ጠፋ። ወደ ሪሌሽናሉ እንመለስ ብላ ሐሳብ ያቀረበችው መሐንዲሷ ራሷ ናት። ዳይሬክተሩ ይህን ከሷ አልጠበቁም። የገነባችውን ነገር ራሷ እየፈታች ለሰንጠረዥ አስረከበችው፤ እንደጨረሰችም ሥራዋን ለቃ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረች። ሽኝት ሊያዘጋጁላት ሲሉ ጥርሴን አሞኛል ብላ ቀረች። እህቷ ይህን ስትሰማ፣ «በእኔ ሙያ ነው እንዴ የምትዋሺው?» አለቻት።

አሳንሰሮቹ እንደገና ተበታተኑ። ንድፍ ክፍል ሻይ ቤት መመላለሱን ቀጠለ። «መሐንዲሷ በነበረች ጊዜ» የሚል ወሬ በየጠረጴዛው ይሰማ ጀመር፤ ሰንጠረዥ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። እንዲያውም ንድፎቹን ለማፋጠን ያላደረገው ጥረት የለም። አልሆነለትም።

ኋላ የሪሌሽናል ዳታቤዙ አዲስ እትም መጣ፤ ወፍራም መመሪያ አለው። ሰንጠረዥ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ሆኖ አገላበጠው። ተጠቃሚው የራሱን ዓይነት መፍጠር ይችላል ይላል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ቁጥርና ስም ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ ዕቃ ከነክፍሎቹ ማስቀመጥ ይቻላል ይላል። ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው የሚያመለክት ቀስት፣ አንዱ ሰንጠረዥ ከሌላው የሚወርስበት መንገድ፣ ሁሉም አለ። የማን ሐሳብ እንደነበር የሚል መስመር ፈለገ። አላገኘም።

ቅዳሜ ጠዋት መመሪያውን በብብቱ ይዞ መሐንዲሷ ቤት ሄደ። መስኮት እያጠበች አገኛት።

«ቀስት አስገቡ» አላት፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ።

«እነማን?»

«የእኔዎቹ።»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጽሐፉን ተቀበለችው። ቆማ አነበበች፤ ቆይታ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«ውርስም አለ?»

«ገጹን አጥፌልሻለሁ።»

ገልጣ አየችው። «ከገበያ አስወጥተውን ሲያበቁ ዕቃችንን ይዘው ሄዱ» አለች።

«አዎ።»

«ምንም አትልም?»

«የወሰድኩት እኔ አይደለሁም። የመጣሁት አጠቃቀሙ ስላልገባኝ ነው።» ቀጥሎም፣ «ያን ቀን ስብሰባ ላይ ያልሽው ነገር ግን ልክ አልነበረም» አላት።

«ዘገምተኛ መሆኑን ያሳየሁት ልክ ነበር።»

«እሱ ልክ ነበር። እልህ ያልሽውን ነው የምልሽ።»

መሐንዲሷ የመጽሐፉን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። «እልህ አልነበረም» አለች። «አውቄ ነው ያልኩት። አሸናፊ መምሰል ፈልጌ ነበር።»

እሱ ባልዲውን አንሥቶ ውኃ ቀየረላትና የቀረውን መስኮት አብረው አጠቡ።

ኮሌጁን ሳትለቅ በኮንትራት ተመለሰች። መስማማታቸው ግን ቀላል አልነበረም። እሷ አሳንሰሩ ሙሉ በሙሉ እንደ አንድ ዕቃ ይቀመጥ አለች፤ እሱ ሸራውን አስታወሳት። እሱ ሁሉም በረድፍ ይሁንና ቀስት ብቻ እንጨምር አለ፤ እሷ ሻይ ቤቱን አስታወሰችው። በመጨረሻ ስለ እያንዳንዱ ነገር አንድ ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ፤ «ስለዚህ ነገር ማን ይጠይቃል?» ነዳፊው ብቻ የሚጠይቅበት ከሆነ፣ ለምሳሌ የበሩ ቅርጽና ልኬት፣ እንዳለ በአንድ ዓምድ ውስጥ ይገባል። መጋዘንም ተቆጣጣሪም ሊጠይቁበት የሚችሉት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሸራው፣ በረድፍ ይቀመጣል፤ ወደ አሳንሰሩም ቀስት ይኖረዋል። ውርሱን ሞከሩት። በዚያ እትም ላይ ሲበዛ ቀርፋፋ ሆኖ ተገኘ፤ ተዉት። መተዉን የወሰነችው እሷ ናት። ያን ቀን እሱ በእግሩ እስከ ቤቷ ሸኛት።

ሥራው ሲያልቅ ንድፍ በቶሎ ይከፈት ጀመር፤ እንደ ኦብጀክት ዳታቤዙ ፈጣን ባይሆንም ወርዶ ሻይ የሚጠጣ ሰው አልነበረም። ከሸራ ተነሥቶ አሳንሰሩን መጠየቅም ይቻላል። እሑድ ምሳ ላይ አንድ ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ እንደ ድሮው ይከራከራሉ። «ስትኳረፉ ነበር የሚሻለኝ» ትላለች የጥርስ ሐኪሟ፤ «ቢያንስ ምግቡ አይቀዘቅዝም ነበር።»

ዓመታት ካለፉ በኋላ ድርጅቱ አዳዲስ ባለሙያዎች ቀጠረና መሐንዲሷ እንድታሠለጥናቸው ጋበዛት። ሰንጠረዥ ከኋላ ተቀምጦ ያዳምጣል። ገለጻው መሐል ላይ አንድ ወጣት መሐንዲስ እጁን አወጣ።

«ይህ እንዴት እንደመጣ የግድ ማወቅ አለብን?» አለ በትሕትና። «ሪሌሽናል ዳታቤዝ እኮ ድሮም ዕቃን እንዳለ ያስቀምጣል።»

ሰንጠረዥ ሊናገር ብድግ አለ። መሐንዲሷ በዓይኗ መለሰችው። «ልክ ነህ፣ ያስቀምጣል» አለችው ለወጣቱ፣ «ወደ ልምምዱ እንለፍ።»

በዚያው ሳምንት የመንጋጋ ጥርሷ እውነትም አመማትና እህቷ ክሊኒክ ሄደች። እህቷ መርፌ ወግታ፣ አፏን አስከፍታ መሰርሰር ከጀመረች በኋላ ነው ወሬውን ያነሣችው።

«ባለቤቴ ነገረኝ» አለች። «ልጁ ድሮም ነበር አለ አሉ። እቤት መጥቶ ራቱን አልበላልሽም። ካንቺ ይልቅ እሱ ተናዷል።»

መሐንዲሷ በተከፈተ አፏ የሆነ ድምፅ አሰማች።

«አትናገሪ፣ ምላስሽን እቆርጥልሻለሁ። እኔ የምልሽ፣ ለምን አልነገርሽውም? የአንቺ ወገን ሐሳብ ነበር፣ እኛ ነን ከስረን ያመጣነው ብትይ ምን ይልሻል?»

ጥርሱ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ መሐንዲሷ ተጉመጠመጠች። ግማሽ ፊቷ ስለደነዘዘ ቃሉ ተንሻፈፈባት።

«ቅር ብሎኛል» አለች። «ስነግርሽ ቀላል እንዲመስል አልፈልግም፤ ብሎኛል። ግን ልምምዱን ሰጠሁት። ከፍሬን ተነሥቶ አሳንሰሩን ጠየቀ፣ አገኘ። ከአሳንሰሩ ተነሥቶ ንድፉን ከፈተ፣ ተከፈተለት። ይህ የሚደንቅ ነገር ነው ብሎ እንኳ አላሰበም።»

«እና ይህ ጥሩ ነው መጥፎ?»

መሐንዲሷ መስታወት ውስጥ ጉንጯን እየነካች አየች። «አላወቅኩም» አለች።

«ድንዛዜው እስኪለቅሽ ምንም እንዳትበዪ» አለቻት እህቷ፣ ጓንቷን እያወለቀች። ቀጣዩ ታካሚ ገባ። መሐንዲሷ ኮቷን ደርባ ወጣች፤ በዚያ ፊት አውቶቡስ ውስጥ ከሰው ጋር ማውራት ስላልፈለገች ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች።